ኳኳታ በጉም ውስጥ

ልጄ በር ስታንኳኳ ሰፈር ይነሳል። የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው፤ እሷ በጡጫዋ ትጀምርና በድንጋይ ትጨርሳለች። ሌላ ሰው አንኳኩቶ ትንሽ ይታገሳል፣ «ማነው?» እስኪባል ጆሮውን ይጥላል። እሷ አትታገስም። በሩ ተከፍቶ ፊቴን እስክታይ ድረስ ትመታለች፤ «መጣሁ» ብዬ ብጮህ አይሰማትማ። ገና ጡት ሳትጥል ማጅራት ገትር ይዟት፣ ነፍሷን ትቶልን ጆሮዋን ይዞ ሄደ። ጎረቤቴ «ዛሬም ቤት ሊያፈርሱ መጡ ብዬ ዕቃዬን ስሰበስብ ነበር» እያለች ታሾፍብኛለች። እስቃለሁ፤ ልጄን ግን በእጄ «ቀስ በይ፣ ቀስ» እላታለሁ። ቀስ ማለት ምን እንደሆነ በምን ታውቀው?

ፈሪ መሆኔን አልደብቅም። ፀጉር ቤት ነው የምሠራው፤ የደብረ ብርሃን ወሬ ግማሹ በማበጠሪያዬ ሥር ያልፋል። የት መንገድ እንደተዘጋ፣ የማን ልጅ ወጥቶ እንደቀረ፣ የቱ መታጠፊያ ላይ ባጃጅ እንደተገለበጠ ሹሩባ እየሠራሁ እሰማለሁ፤ ማታ ሁሉንም ይዤው እገባለሁ። ባለቤቴ ከባድ መኪና ይነዳል፣ ለሱም እፈራለሁ። ለልጄ የምፈራው ግን የተለየ ነው። ከኋላዋ የሚመጣውን አትሰማም። በዚህ ጊዜ ደግሞ ከኋላ ሆኖ «ቁም» የሚል ሰው በዝቷል፤ እሷ ቁሚ ብትባል አትቆምም። ለምን እንዳልቆመች ማን ይነግርላታል? «ፈሪ ለእናቱ» ይላሉ፣ ፈሪ ነፍሱን ይዞ ወደ እናቱ ይገባል ለማለት። እናትየዋ ራሷ ፈሪ ስትሆን ወደ ማን እንደምትገባ ግን የተናገረ የለም።

ስለዚህ ልጄን ከትምህርት ቤት ከሰፈር ልጆች ጋር ወደ ቤት፣ ከቤት ከእኔ ጋር ወደ ፀጉር ቤት እያደረግኩ አሳደግኳት። መስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር የሷ ነው። እዚያ ተቀምጣ የመብራት ሽቦ ላይ የሚያርፉትን ወፎች ታያለች። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የልጄን ሥዕሎች ዘርግታ ጠበቀችኝ። ሁሉም ወፍ ነው፤ ወፎቹም በሙሉ ሽቦ ላይ የተቀመጡ ናቸው።

«እናቷ፣ ዛፍ ላይ የተቀመጠ ወፍ አሳይተዋት ያውቃሉ?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። በሆዴ «ጆሮ ያላት ልጅ ስትወልጂ ዛፍ ላይ ስቀያት» አልኩ። በአፌ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ከራሴ ጋር ስጣላ ሄድኩ። የተናደድኩት እውነት ስለተናገረች እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ከቅርቡ ጀመርን። በሬሳ ከሚባለው ወንዝ አጠገብ ሣር የለበሰ መናፈሻ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ከመውጣታችን በፊት ደንብ አወጣሁ። ከፊቴ እንጂ ከኋላዬ አትሄድም። ድንገት ከተጠፋፋን ደግሞ ካለችበት ንቅንቅ አትልም፤ ፈላጊዋ እኔ ነኝ። በእጇ እስክትደግምልኝ ድረስ አስጠናኋት። ወፍ አየች፣ ሣር ላይ ተንከባለለች፣ ደስ አላት። ልንወጣ ስንል የሙሽራ አጃቢ በሩን ሞላውና በመሃላችን ገባ። ልጄ የሙሽራዋን ቬሎ እያየች ወደ መንገዱ ወጥታ ቆመች። ከኋላዋ ጋሪ መጣ። ነጂው «ዞር በይ፣ አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ» እያለ ልጓሙን ይስባል። ሰው ሁሉ ዞር አለ፣ እሷ ብቻ ቀረች። ፈረሱ አንገቱን ጠምዝዞ ትከሻዋን ታክኮ አለፈ።

«ደንቆሮ ናት እንዴ?» አለ ነጂው በንዴት።

«አዎ፣ ናት» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ኮፍያውን አውልቆ «ይቅር በይኝ እናቴ» አለኝ። ልጄ ዞር ብላ ያየችው ፈረሱን ብቻ ነው፤ በእጇ «ያምራል» አለችኝ። ማታ ለባለቤቴ ስልክ ደውዬ አለቀስኩ። እሱም «በቃ አትውጡ» አለ። የጠበቅኩትም ይህንኑ ነበር።

ልጅት ግን አልሰማችም፣ እንደ ልማዷ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጫማዋን አድርጋ የግቢው በር ላይ ቆመች። መናፈሻውን እምቢ ስላት ከከተማው ዳር ወዳለው ባህር ዛፍ ሄድን፤ የሰፈር ሴቶች ቅጠል የሚጠርጉበት ስለሆነ ጋሪም ባጃጅም አይገባበትም። እዚያ አንድ ነገር ተማረች። ነፋስ ሲነሳ ግንዱ ይርገበገባል፤ እሷ መዳፏን ለጥፋ ቆማ «እያወራ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ዛፍ ሳትዳስስ አታልፍም። አንድ ቀን ውስጡ የተበላ አሮጌ ግንድ አገኘች። በድንጋይ መታችው፤ ግንዱ እንደ ከበሮ ጮኸ። ሌላኛው መዳፏ ሥር ሲንዘረዘር ተሰምቷት በደስታ ሳቀች፣ ደገመችው፣ ደጋገመችው። ቅጠል ጠራጊዎቹ ቀና ብለው አዩን። እጇን ያዝኳትና «ተይ፣ ሰው ይመጣብናል» አልኳት። ምን ሰው እንደሚመጣ አላውቅም። የሚመጣ ሰው ሁሉ ያስፈራኛል፣ በቃ።

በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት አንኮበር ያሉት አክስቴ ጠሩን። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ጥብቁ ደን አፍ ላይ ነው። ልጄ «ደን» የሚለውን ከእጄ ላይ ስታይ ልብሷን ማሰናዳት ጀመረች። እኔ መናኸሪያ ሄጄ ረዳቱን «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ዛሬ ሰላም ነው» አለኝ። ያቺን «ዛሬ» የምትል ቃል ይዤ ተሳፈርኩ። መኪናው በዘገየ ቁጥር እየተነሳሁ ፊት ለፊቱን አያለሁ፤ ልጄ ደግሞ መስኮቱ ላይ አፍንጫዋን ተክላ ጭላዳ ትቆጥራለች። በሰላም ገባን። ለማንኛውም ፈርቼ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አክስቴ ደጃፋቸው ላይ አቁመው መከሩኝ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አብረውን አይሄዱም።

«ስሚኝ አንቺ ልጅ» አሉኝ። «እስከ ትልቁ ኮሶ ድረስ ሂዱ። ከኮሶው ሥር ሆነሽ ጣራዬ ይታይሻል። ከዚያ ወዲያ እንዳታልፊ፣ ማዶው ገደል ነው። ጉም ከመጣብሽ ባለሽበት ቁጭ በይ። ጉም መንገደኛ ነው፤ ካልተከተልሽው ያልፍሻል።»

«በዚህ ፀሐይ?» አልኳቸው።

«ከቆላ ሲወጣ ፀሐይ አያስፈቅድም። ሌላም ልንገርሽ። ኳ ኳ የሚል ከሰማሽ አትጠጊ። እንጨት ቆራጮች ጠባቂ መጣ ለመባባል በመጥረቢያቸው ጀርባ ግንድ ይመታሉ። አንዱ ይመታል፣ ዝም ብሎ ይሰማል፣ ሌላው ይመልስለታል። ክፉዎች ሆነው አይደለም፣ ቸግሯቸው ነው። ግን መጥረቢያ የያዘ ሰው ሲፈራ ደግ አይደለም።»

ይህን ሰምቼ መቅረት ነበረብኝ። ልጄ ግን ቀድማ መንገዱ ላይ ነበረች፤ ቀይ ሹራቧን ለብሳ ዞር እያለች ታየኛለች። የአክስቴን ዳቦ በነጠላዬ ቋጥሬ ተከተልኳት።

ኮሶው እንዳሉት ትልቅ ነው። ከሥሩ ተቀምጠን ዳቦውን በላን። ወደ ታች ስናይ አሊዩ አምባ ከነቆርቆሮ ጣራዋ ቁልቁል ትብለጨለጫለች፤ ወደ ኋላ ስንዞር የአክስቴ ጣራ አለ። ከጫካው ውስጥ ከሩቅ መጥረቢያ ይሰማል፤ የሥራ ድምፅ ነው፣ አላስደነገጠኝም። ልጄ የኮሶውን ግንድ ዳሰሰች፣ ሽበት የመሰለውን የዛፉን ፂም እየነካካች ሳቀች። ወፍ አየች። ሽቦ ላይ ሳይሆን ቅርንጫፍ ላይ፣ ቅርንጫፉ እየተወዛወዘ። እኔም አብሬያት አየሁ። ለትንሽ ጊዜ ፍርሃቴን ረሳሁት ብል ውሸት አይሆንም።

ከዚያ ጉሬዛዎች መጡ። ከበላያችን ካለው ዝግባ ላይ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ። ልጄ በእጇ «ካባ የለበሱ ሽማግሌዎች» አለችኝ። ጉሬዛዎቹ ወደሚቀጥለው ዛፍ ዘለሉ። አንድ ጣቷን አቆመችልኝ፤ አንድ ዛፍ ብቻ፣ ከዚያ እንመለሳለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ የምኖር ሴት፣ ያን ጊዜ ደስታዋን አይቼ እሺ አልኳት። አንዱ ዛፍ ሌላውን አስከተለ፣ ኮሶውን አልፈን ሄድን። እሷ ከፊቴ ናት፣ አንገቷን ወደ ላይ ቀልብሳ ትሄዳለች፤ እኔ ቀይ ሹራቧን እያየሁ እከተላለሁ። ደንባችን አልፈረሰም ነበር።

መጀመሪያ የቀዘቀዘኝ አንገቴ ነው። ወደ ታች ዞር ስል አሊዩ አምባ የለችም። ነጭ ነገር ገደሉን በሆዱ እየተሳበ ይወጣል። ወደ ልጄ ዞርኩ፤ ቀይ ሹራቧ ገና ይታያል፤ ሁለት እርምጃ ሮጥኩ፣ ጫማዬን የዛፍ ሥር ያዘውና ወደቅሁ። ቀና ስል ቀይ የለም። ዝግባ የለም። የራሴ እጅ ብቻ ነው ያለው።

ስሟን ጠራሁ።

ይህን ማስረዳት ይቸግረኛል። ከሕመሟ ወዲህ ስሟን ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። ስትወለድ ለጆሮ የሚጥም ስም ብዬ ነበር የመረጥኩላት። በኋላ በእጃችን ሌላ ስም አወጣንላት፤ ጉንጯ ላይ ያለውን ስርጉድ የሚያሳይ፣ በጣት ጉንጭን ነክተው የሚጠሩት ስም። ያ ስም ጉም ውስጥ አይሠራም። የሚያይ ይፈልጋል። እኔና እሷ ያለን ነገር ሁሉ በዓይን ነው፤ ጉሙ ደግሞ የወሰደብን ዓይናችንን ነው። እንደማትሰማኝ እያወቅኩ አሮጌውን ስሟን፣ የጆሮውን፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠራሁት። ምን ልጠራ?

ቁጭ በይ ተብያለሁ። እሷም ንቅንቅ እንዳትል አስጠንቻታለሁ። ምናልባት በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ይሆናል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እግሬ ግን አያውቅም። ተነስቼ ሮጥኩ። አንዱን ዛፍ እሷ ናት ብዬ አቀፍኩት። ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ከየት እንደመጣሁ ጠፋብኝ። ገደሉ በየት በኩል እንደሆነም ጠፋብኝ። እሷ ደግሞ አንገቷን ወደ ላይ ቀልብሳ ነው የሄደችው።

ያን ጊዜ «ኡኡ» አልኩ።

የመጥረቢያው ድምፅ ወዲያው ቆመ። ሰምተውኛል ማለት ነው። አንድ ሰው «ማነሽ? ምን ሆንሽ?» እስኪለኝ ጠበቅኩ። ቅጠል እንኳን አልተንኮሻኮሸም። አክስቴ ልጅ ሳሉ ኡኡ ከተባለ ሰው የያዘውን ጥሎ፣ ዱላውን አንስቶ ወደ ድምፁ ይሮጥ ነበር። አሁን ኡኡ ሲባል በር ይዘጋል፣ ልጆች አልጋ ሥር ይገባሉ። እኔም ሰፈሬ ውስጥ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ሌሊት ሰው ሲጮህ ሰምቼ መብራት አጥፍቻለሁ። ስለዚህ ዝምታው ገባኝ። ጫካው ውስጥ ሰዎች አሉ፣ ሰምተውኛል፣ አይመጡም። ከዚህ የበለጠ የፈራሁበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ኳኳታው ጀመረ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በስተግራዬ፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ ጉሙ አያስለይም። የአክስቴ ቃል ትዝ አለኝ። ጩኸቴን ሰምተው ወጥመድ መስሏቸዋል፣ እየተጠራሩብኝ ነው። መጥረቢያ የያዘ ሰው ሲፈራ ደግ አይደለም። አፌን በነጠላዬ አፍኜ፣ ጎንበስ ብዬ ከድምፁ መራቅ ጀመርኩ። ልጄን በሌላ በኩል እፈልጋታለሁ፣ እነሱ ሳያዩኝ፣ እሷንም ሳያዩዋት። ፈጠን ፈጠን አልኩ። ድምፁ ከኋላዬ እየሳሳ ሲሄድ እፎይ አልኩ፤ እፎይ ማለቴን ሳስበው ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል።

ቀኝ እግሬን ላሳርፍ ስል የሚረገጥ ነገር አጣሁ። ወደ ኋላ ወደቅሁና አንድ ቁጥቋጦ ጨበጥኩ። ከእግሬ ሥር የተፈነቀለው ድንጋይ ሄደ፤ ሲያርፍ አልሰማሁትም። ጠበቅኩት፣ አሁንም አልሰማሁትም። እንደ አክስቴ ቃል ቁጭ አልኩ፣ ግን ታዝዤ ሳይሆን ቀጥሎ የምረግጠውን ስላላወቅኩ ነው።

ቁጭ ብዬ ሳስብ የባሰው መጣ። ልጄ ወደነዚያ ሰዎች ብትሄድስ? ከጉሙ ውስጥ ስትወጣባቸው «ቁሚ» ይሏታል። አትቆምም። ደግመው ይሏታል። አትቆምም። ዓመታት ሙሉ በሌሊት የምፈራው ነገር ያን ሰዓት ከፊቴ የሚሆን መሰለኝ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ለማወቅ ጆሮዬን ወደ ኳኳታው መለስኩ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አንዱ ይመታል፣ ዝም ብሎ ይሰማል፣ ሌላው ይመልሳል ነበር ያሉት አክስቴ። የዚህን ኳኳታ የሚመልስለት የለም። መልስም አይጠብቅም። ትንፋሽ እንኳን አይወስድም። ጠባቂ የሚፈራ ሰው መትቶ ያደምጣል፤ ይሄኛው የሚያደምጥ አይደለም። እጅ እንደደከመው ያስታውቃል፤ ይሰንፋል፣ እንደገና ይበረታል፣ ግን አያቆምም። የሚሰማ ሰው እንዲህ አያንኳኳም። እንዲህ የሚያንኳኳ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሬን የሚመታው።

ከራሷ ነበር ስሸሽ የቆየሁት።

ተነስቼ መቆም ስለፈራሁ በዳዴ ሄድኩ። መሬቱን በእጄ እየዳበስኩ፣ ድምፁን እየተከተልኩ። አሁን ፍርሃቴ ሌላ ሆነ፤ ታቆማለች ብዬ ፈራሁ። ደክሟት፣ ወይም ማንም የለም ብላ፣ ወይም ንቅንቅ አትበዪ ያልኳትን ረስታ ልትፈልገኝ ብትነሳ ድምፁ ይጠፋል፣ እኔም እጠፋለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ቀስ በይ የምላት እኔ፣ እሾህ ላይ እየተንፏቀቅኩ «ምቺ የኔ እናት፣ በርቺ፣ ምቺው» እላለሁ። ድምፁ ሲሰንፍ ቀጥ እላለሁ፤ ሲበረታ እንደገና እንፏቀቃለሁ። አንድ ጊዜ ጨርሶ ቆመ። ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ ቀረሁ። በኋላ እንደነገረችኝ እጅ እየቀየረች ነበር።

ቀይ ሹራቧን ያየሁት ልነካት ስደርስ ነው። ውስጡ የተበላ የደረቀ ግንድ ፊት ቆማ፣ አንድ እጇን ግንዱ ላይ ለጥፋ በሌላው በድንጋይ ትመታለች። ድንጋዩ የጣቶቿን ቆዳ ልጦታል። ዓይኖቿ ፈጠዋል፣ ወደ ነጩ ነገር ይመለከታሉ። እኔ የደረስኩት ከኋላዋ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የምፈራላት ከኋላዋ የሚመጣውን ነው፤ አሁን የምመጣው እኔ ሆንኩ። እንዳላስደነግጣት በእንብርክኬ ግንዱን ዞሬ ከፊቷ ብቅ አልኩ። አየችኝ። ድንጋዩን ጣለችው። ከዚያ በፊት አላለቀሰችም ነበር።

ጉሙ መሳሳት ሲጀምር አንድ ሽማግሌ ከዛፎቹ መሃል ወጡ። ጋቢያቸው በአንድ ጎን ወጣ ብሏል፤ ከሥሩ ምን እንዳለ አውቄያለሁ፣ እሳቸውም ማወቄን አውቀዋል። ልጄን ከኋላዬ ደበቅኳት።

«ሰምተንሽ ነበር ልጄ» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ስትጮሂም፣ ስትጣሪም። ፈራን። ዘመኑን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ አባቴ» አልኳቸው።

«ኋላ ይሄ ኳኳታ መጣ። የእኛ አይደለም፣ የጠባቂም አይደለም። ሕፃን ነው አልኩ ለጓደኞቼ፣ እንዲህ ያለ ተስፋ የማይቆርጥ ሕፃን ነው።» ልጄን አዩዋት፣ ከዚያ የተላጠውን እጇን። «ነይ፣ በዚህ በኩል ነው። በዚያኛው በኩል ገደል ነው።»

ገደል ያሉት እኔ በዳዴ የመጣሁበትን በኩል ነበር። እስከ ኮሶው ድረስ ከፊት ከፊት ሄዱልንና የአክስቴ ጣራ ሲታይ ሳይሰናበቱን ወደ ጫካው ተመለሱ።

አክስቴ ምንም አልተቆጡም። የልጄን እጅ በሞቀ ውሃ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ጠመጠሙላት፤ ለኔ ማር በሙቅ ውሃ በጥብጠው ሰጡኝ፣ ድምፄ ጠፍቶ ነበርና። ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ በጨርቁ መሃል በቀሩት ጣቶቿ ጠየቀችኝ።

«ይሰማ ነበር?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ግንዱን፣ ድንጋዩን አሳየችኝ። ድምፅ ይኑረው አይኑረው አታውቅም ነበር። መዳፏ ሥር ሲንዘረዘር ብቻ ነው የምታውቀው፤ ከመዳፏ አልፎ ይሂድ አይሂድ ሳታውቅ ነው እጇ እስኪላጥ የመታችው።

«ይሰማ ነበር» አልኳት። «ጫካው ሁሉ ሰምቶታል።»

ራሷን ነቀነቀች። እጇን ዘርግታ ጉሮሮዬን ነካች፤ ስናገር እንዲህ መንካት ትወዳለች። የሚንዘረዘር ነገር አጣች።

«ጮኸሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ማንን?»

«አንቺን።»

ትክ ብላ አየችኝ። የጠፋባት ነገር እንዳለ ሁሉ ፊቴን መረመረች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለትንሽ ልጅ እንደሚነገር አድርጋ በእጇ ነገረችኝ። «እኔ አልሰማም። የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ስለዚህ መታሁልሽ።»

ፍርሃቴ አለቀ ማለት አልችልም። ዛሬም ቅዳሜ ስንወጣ ረዳቱን «ሰላም ነው ወይ?» እላለሁ፣ ዛሬም ከፊቴ ነው የማስኬዳት። ከአንኮበር በተመለስን ሳምንት ከትምህርት ቤት መጥታ በሩን መምታት ጀመረች። እኔ ገና ድምፁ ሳይነሳ በሩ ሥር ቆሜ ነበር፣ እጄ መቀርቀሪያው ላይ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ «ኧረ ክፈችላት፣ ቤቱን አፈረሰችው እኮ» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት። «ትንሽ ልስማው።»